ማን ይክፈል? የጤና ፖሊሲ ክርክራችን ከአርቦዬ ሲታይ

ኢትዮጵያን የመሩ መንግሥታት በብዙ ነገር ቢለያዩም በጤና ጉዳይ ሦስት ጥያቄዎችን እየተቀባበሉ መጥተዋል። ሕክምናው የት ይድረስ? ማን ያክም? ማንስ ይክፈል? ለመጀመሪያው ጥያቄ ብዙ ተሠርቷል። ሁለተኛውም እየተደነቃቀፈ ቢሆን መልስ ሲፈለግለት ቆይቷል። ሦስተኛው ግን ይደር እየተባለ ከአንዱ ሥርዓት ወደ ሌላው ተላልፎ እኛ ዘመን ደርሷል። የዛሬው የጤና ፖሊሲ ክርክር የሚሽከረከረው በዚህ ባደረ ሒሳብ ዙሪያ ነው።

ጉዳዩን ከአርቦዬ ማየት ይጠቅማል። አርቦዬ በአርሲ ዞን የጀጁ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ የአርሲ ዞን ሕዝብ ከ2.6 ሚሊዮን በላይ ነበር፤ አብዛኛውም በገጠር የሚኖር ገበሬ ነው። ፖሊሲው አዲስ አበባ ላይ ሲወጣ በመቶኛና በቢሊዮን ይነገራል። ጀጁ ሲደርስ ግን የሚለካው በሌላ ነው፤ ጤና ኬላው ክፍት ነው ወይ? መድኃኒቱ መደርደሪያው ላይ አለ ወይ? ወደ አሰላ ሆስፒታል ለሚጻፈው ሪፈር የትራንስፖርቱን ወጪ ማን ይችላል? አንድ ፖሊሲ ሠራ ወይስ አልሠራም የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

ከከተማ ሆስፒታል ወደ ገጠር

ዘመናዊ ሕክምና ወደ አገራችን የገባው ከላይ ወደ ታች ነው። ከአድዋ ድል ማግስት የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች አዲስ አበባ ገቡ። በ1902 ዓ.ም. ገደማም የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ተቋቋመ። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ራሱን ችሎ የቆመው በ1940 ዓ.ም. ነበር። እስከዚያ ድረስ ሕክምና የቤተ መንግሥት፣ የሚሲዮንና የከተማ ጉዳይ ነበር ማለት ይቻላል።

የመጀመሪያው ትልቅ የአቅጣጫ ለውጥ የመጣው በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት ነው። ኮሌጁ ያሠለጠነው ሐኪም አልነበረም። ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ አንድ ላይ ሆነው እንደ ቡድን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ እንዲወርዱ ያዘጋጅ ነበር። በጊዜው የነበረው ክርክር ብርቱ ነው። አንደኛው ወገን «ለገጠሩ ሕዝብ ሙሉ ሐኪም እንጂ ግማሽ ሐኪም አይገባውም» ባይ ነበር። ሌላው ወገን ደግሞ ሐኪም እስኪደርስ ሕዝቡ በወባ፣ በፈንጣጣና በተቅማጥ እያለቀ ነው ብሎ ይሟገታል። ጎንደር የሁለተኛው ወገን መልስ ነበር። ያ ውሳኔ ባይወሰን ኖሮ የአርሲ የገጠር ጤና ጣቢያዎች ለአሥርት ዓመታት ባለሙያ አያገኙም ነበር።

ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ሁለት ነገሮች ተገጣጠሙ። በአንድ በኩል አዲሱ መንግሥት ጭሰኛውን ባለመሬት አድርጎ በየገበሬ ማኅበሩ አደራጅቶ ነበር። በሌላ በኩል ዓለም እ.ኤ.አ. በ1978 አልማ አታ ላይ ተሰብስቦ የመጀመሪያ ደረጃ ጤና ክብካቤን የሁሉም አገር መርሕ አደረገ። ኢትዮጵያም ተቀበለችው። በየገበሬ ማኅበሩ የጤና ወኪልና የሠለጠነች የልምድ አዋላጅ እንዲኖሩ ታቀደ። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ አፈጻጸሙ ግን ስንቅ አጣ። ለጤና ወኪሉ ደመወዝ ይከፍላል የተባለው ራሱ ገበሬ ማኅበሩ ነበር፤ ማኅበሩ ደግሞ ለእህል ኮታውም፣ ለመዋጮውም፣ ለዘመቻውም ተጠያቂ ነው። የመንግሥት በጀት ወደ ጦር ግንባር ሲሄድ የወኪሉ የመድኃኒት ሣጥን ባዶውን ቀረ። በደርግ መጨረሻ ዓመታት በጤና ተቋም አቅራቢያ የሚኖረው ሕዝብ ከግማሽ በታች ነበር።

ከዚህ ዘመን የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። ባለሙያ አሠልጥኖ ወደ ቀበሌ መላክ ይቻላል። የሚከፍለው ሰው ካልታወቀ ግን አይቆይም።

አርሲ ለአገር ያበረከተው

ስለ ጤና ፖሊሲ ሲወራ አርሲ ብዙ ጊዜ ስሙ አይነሣም። በግብርናው ግን ሁሉም ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ድጋፍ የተጀመረው የጭላሎ የግብርና ልማት ፕሮጀክት አሰላን የአገሪቱ የግብርና ሙከራ ማዕከል አድርጓት ነበር። በጤናውም እንዲሁ አንድ ሙከራ ከዚህ ምድር ተነሥቶ አገር አዳርሷል።

ያ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ነው። ቀደም ሲል የቲቢ ሕክምና ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጅ ነበር። ታማሚው ሳል ሲተወውና አቅም ሲያገኝ «ድኛለሁ» ብሎ ወደ እርሻው ይመለሳል፤ መድኃኒቱን ያቋርጣል፤ በሽታው ብሶበት ይነሣል፤ ቤተሰቡንም ያስይዛል። እ.ኤ.አ. በ1992 በአጭር ጊዜ የሚያልቀው ሕክምና፣ ታማሚው ክኒኑን በጤና ባለሙያ ፊት እንዲውጥ ከማድረግ ጋር ተዳምሮ በአርሲና በባሌ በሙከራ ተጀመረ። ዛሬ ሁላችንም ዶትስ ብለን የምናውቀው አሠራር ማለት ነው።

የሙከራው አሠራር ሲታይ አራት ነገሮች ጎልተው ይወጣሉ። መድኃኒቱ በነጻ ነው። የሚሰጠው በሆስፒታል ብቻ ሳይሆን ለታማሚው በሚቀርብ ጤና ጣቢያ ነው። የእያንዳንዱ ታማሚ ስም፣ የአክታ ውጤትና የክኒን ቀን በመዝገብ ይሰፍራል። የቀረ ሰው ካለም ይፈለጋል። ከዚህ በኋላ አሠራሩ ወደ ሌሎች የአገሪቱ አካባቢዎች ተስፋፋ፤ አሁንም የቲቢ ሕክምናችን የቆመው በእሱ ላይ ነው።

ይህን የማነሣው ለአርሲ ሙገሳ ብዬ አይደለም። የፖሊሲ ክርክራችን ሁልጊዜ «ድሃ አገር ነን፤ አቅም የለንም» በሚል ስለሚዘጋ ነው። ያኔ አገሪቱ ከዛሬ በላይ ድሃ ነበረች፤ ከረጅም ጦርነትም ገና መውጣቷ ነበር። መድኃኒቱ ሳይቋረጥ ከቀረበ፣ ታማሚው በበሽታው ሰዓት ገንዘብ ካልተጠየቀና ተከታታይ ካለው የገጠሩ ሥርዓት እንደሚሠራ አርሲና ባሌ አሳይተዋል።

የ1986ቱ ፖሊሲ የገባው ቃል

የሽግግር መንግሥቱ በ1986 ዓ.ም. መባቻ ያወጣው የጤና ፖሊሲ ለረጅም ዓመታት የአገሪቱ መመሪያ ሆኖ ቆይቷል። ዋና ዋና መርሖቹ ይታወቃሉ። በሽታን መከላከል ይቅደም፤ ሥልጣን ከማዕከል ወደ ክልልና ወረዳ ይውረድ፤ የግሉ ዘርፍና መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ይሳተፉ። ስለ ክፍያ ደግሞ አንድ ሐረግ አለው፤ ሕዝቡ እንደ አቅሙ ይከፍላል፣ መክፈል ለማይችለው ልዩ ድጋፍ ይደረግለታል ይላል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 41 መንግሥት ለጤና፣ ለትምህርትና ለሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች የሚመድበው ሀብት በየጊዜው እያደገ እንዲሄድ ያዛል።

ትልቁ የፖለቲካ ክርክር የተነሣው «እንደ አቅሙ» በሚለው ላይ ነው። አቅምን ማን ይለካል? በ1990ዎቹ የጤና ፋይናንስ ማሻሻያ ሲተገበር ሦስት መፍትሔዎች ተሰጡ። የመጀመሪያው፣ ጤና ተቋማት ከታካሚ የሚሰበስቡትን ገቢ ለራሳቸው እንዲጠቀሙበት ተፈቀደ። ቀድሞ ገንዘቡ ወደ ግምጃ ቤት ስለሚገባ ሆስፒታሉ የተሰበረ መስኮት እንኳ ለማስጠገን ደብዳቤ ይጽፍ ነበር። ሁለተኛው፣ የደሃ ደሃ ለሆኑ ሰዎች ወረዳው ወጪያቸውን የሚሸፍንበት የነጻ ሕክምና ወረቀት ተዘጋጀ። ሦስተኛው፣ እንደ ወሊድ፣ ክትባት፣ የቤተሰብ ዕቅድ፣ ቲቢና ኤች አይ ቪ ያሉ አገልግሎቶች ለማንም በነጻ እንዲሰጡ ተደረገ።

እነዚህ እርምጃዎች ብዙ ቀዳዳ ደፍነዋል፤ መካከል ላይ ያለውን ሰው ግን ትተውታል። የጀጁ ገበሬ የደሃ ደሃ አይደለም፤ ጥማድ በሬ አለው፣ ስንዴ ይሸጣል። ነገር ግን ሚስቱ ለቀዶ ሕክምና አሰላ ስትተኛበት አንዱን በሬ ይሸጣል። በሬው ከተሸጠ የሚቀጥለው ዓመት እርሻ በተውሶ ነው፤ ከዚያ የእኩል አራሽ ይሆናል። ሰው ታሞ ድሃ የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው፤ የትኛውም የነጻ ሕክምና ዝርዝር ውስጥ ግን አይገባም።

ጤና ኤክስቴንሽን፦ ትልቁ ድልና ድካሙ

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ለመጀመሪያው ጥያቄ፣ ማለትም «የት ይድረስ» ለሚለው፣ እስካሁን የተሰጠ ትልቁ መልስ ነው። በየቀበሌው ሁለት ሴቶች፣ አሥረኛ ክፍል የጨረሱና ከአካባቢው የወጡ፣ ለአንድ ዓመት ሠልጥነው ደመወዝ እየተከፈላቸው 16 የጤና ጥቅሎችን ይዘው ወጡ። ከ30 ሺህ በላይ ሆኑ። ከደርግ ዘመን ጤና ወኪል የሚለያቸው ዋናው ነገር ደመወዛቸው ነው፤ የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆኑ ቆዩ።

ማንኛውም የገጠር ጤና ኬላ ገብቶ ያየ ሰው የቤተሰብ ማኅደሮቹን ያስታውሳል። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ወፍራም ወረቀት አቃፊ አለ፤ በጎጥ በጎጥ ተለይቶ መደርደሪያ ላይ ተሰድሯል። ውስጡ የእናትየዋ የእርግዝና ክትትል፣ የልጆቹ ክትባት፣ ሽንት ቤት ይኑር አይኑር፣ የአጎበር ቁጥር ሳይቀር ይገኛል። ባለሙያዋ ጠዋት ጤና ኬላ ትውላለች፣ ከሰዓት ቤት ለቤት ትዞራለች፣ በየወሩ ሪፖርት ትሞላለች። የአገሪቱ የጤና ለውጥ የተመዘገበው በእነዚህ ማኅደሮች ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ለውጡም በአኃዝ ይታያል። የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳዎች እንደሚያሳዩት በ1992 ዓ.ም. ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ1997 ዓ.ም. 123፣ በ2003 ዓ.ም. 88፣ በ2008 ዓ.ም. 67 ደረሰ። በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች በ1992 ዓ.ም. ከ100 አምስት ብቻ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. 26፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ 48 ሆኑ። ከ100 ሺህ ወሊድ የሚሞቱ እናቶች ቁጥርም በ1992 ከነበረበት 871 በ2008 ወደ 412 ወርዷል። ከእነዚህ ቁጥሮች በስተጀርባ አምቡላንስ አለ፤ በጤና ጣቢያ ግቢ የተሠራ የእናቶች ማቆያ አለ። መውለጃዋ የደረሰ ሴት ከሩቅ ቀበሌ መጥታ በማቆያው ትሰነብታለች፤ ቡና ይፈላላታል፤ ስትወልድ ገንፎዋ እዚያው ይገነፋል። ቤቷ ካልሆነ አልወልድም ትል የነበረችውን እናት ያግባባት ይህ ነው።

ድካሙም መነገር አለበት። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በጊዜ ብዛት የቀበሌው ሁሉ ሥራ ተጫነባት፤ ስብሰባውም፣ ቅስቀሳውም፣ የመዋጮ ቆጠራውም የእሷ ሆነ። ከ2003 ዓ.ም. በኋላ የመጣው የሴቶች ልማት ሠራዊትና የአንድ ለአምስት አደረጃጀት ለክትባትና ለወሊድ ጠቅሟል። ከፓርቲ ሥራ ጋር መቀላቀሉ ግን ሰውን አሸሸ፤ የፖለቲካው ነፋስ ሲቀየርም አደረጃጀቱ ተፈታ። ጤና በፓርቲ መዋቅር ላይ ሲንጠለጠል መዋቅሩ ሲወድቅ አብሮ ይወድቃል። በሌላ በኩል በሽታውም ተቀየረ። ደም ግፊት፣ ስኳርና ካንሰር ገጠር ገብተዋል፤ ለእነዚህ ምክርና ክትባት ብቻ አይበቃም። ጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2035 የሚዘልቅ ፍኖተ ካርታ ያወጣው፣ ጤና ኬላዎችን ወደ ሰፊ አገልግሎት ለማሳደግ ያቀደውም በዚህ ምክንያት ነው።

ማን ይክፈል፦ የጤና መድኅን

ይደር ሲባል የኖረው ጥያቄ በሕግ ፊት የቀረበው በ2002 ዓ.ም. ነው። የማኅበራዊ ጤና መድኅን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ወጣ፤ የጤና መድኅን ኤጀንሲም ተቋቋመ። ዕቅዱ ሁለት እግር ነበረው። ደመወዝተኛው በማኅበራዊ ጤና መድኅን ይታቀፋል፤ ገበሬውና በግሉ የሚተዳደረው በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ይታቀፋል።

የገበሬው ተጀመረ፤ የደመወዝተኛው ቀረ።

ማኅበረሰብ አቀፉ በ2003 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ በ13 ወረዳዎች ተሞከረ። በኦሮሚያ የተመረጡት ጊምቢቹ፣ ኩዩ፣ ደደርና ሊሙ ኮሳ ነበሩ። አንድ አባወራ በዓመት የሚያዋጣው ያኔ ከ200 ብር በታች ነበር። አሁን በብዙ ቦታ ሺህ ብር ደርሷል፤ ያለፈበትም አለ። ለድሃ ድሃው ክልሉና ወረዳው ይከፍሉለታል። ሐሳቡ ለሕዝቡ እንግዳ አልነበረም። እድር ለሞት ያዋጣል። የኦሮሞ ሕዝብ ደግሞ ከብቱ ያለቀበትን፣ ቤቱ የተቃጠለበትን ሰው ተረባርቦ የሚያቋቁምበት ቡሳ ጎኖፋ የሚባል ጥንታዊ ሥርዓት አለው፤ ክልሉም በቅርብ ዓመታት በተቋም ደረጃ አደራጅቶታል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ሲስፋፋ ሰዉ ተቀበለው፤ ዛሬ አብዛኞቹን የአገሪቱ ወረዳዎች አዳርሷል። አባል የሆነ ቤተሰብ ሲታመም ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ እንደሚሄድ ጥናቶችም አረጋግጠዋል።

አሠራሩን ከቅርብ እንየው። በአርሲ እድሳቱ የሚቀለው ስንዴው ከተወቃ በኋላ ነው፤ በጥር ገበሬው እጅ ብር አለ። የቤተሰቡ ፎቶ ያለበት መታወቂያ ይታደሳል። ሐምሌ ላይ ልጁ ቢታመም፣ እጅ ባዶ በሚሆንበት ወር፣ መታወቂያውን ይዞ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። ካርድ ይወጣለታል፣ ይመረመራል፣ ሳይከፍል ያልፋል። እስከዚህ ድረስ ፕሮግራሙ የገባውን ቃል ጠብቋል። ከዚያ የመድኃኒት መስኮቱ ጋ ይደርሳል። «ይሄ የለም፤ ከውጭ ግዙ» ይባላል። ከውጭ የሚገዛው መድኃኒት የመዋጮውን ግማሽ ይወስዳል። ብሩን ለማስመለስ ደረሰኝና ማኅተም ይዞ መመላለስ አለ። በሚቀጥለው ጥር ይህ አባወራ «ምን አገኘሁበት?» ቢል ማን ይፈርድበታል?

የዚህ ችግር ሥር ባለሙያው ላይ አይደለም። ሦስት ምክንያቶች አሉት። አንደኛ፣ ቋቱ ትንሽ ነው። በብዙ ቦታ እያንዳንዱ ወረዳ የራሱን መዋጮ ለብቻው ይይዛል፤ በአንድ ዓመት ብዙ ሰው ለከባድ ሕመም ወደ አሰላ፣ ወደ አዳማ ወይም ወደ ጥቁር አንበሳ ከተላከ ያ ቋት ይራቆታል። ሁለተኛ፣ ክፍያው ይዘገያል። ወረዳው ለሆስፒታሉ ካልከፈለ ሆስፒታሉም ለመድኃኒት አቅራቢው አይከፍልም፤ መድኃኒቱም አይመጣም። ሦስተኛ፣ የመድኃኒት ዋጋ ከውጭ ምንዛሪ ጋር የተያያዘ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህ ሸክም ከብዷል።

የደመወዝተኛው መድኅን ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። ሠራተኛው 3 በመቶ፣ አሠሪው 3 በመቶ እንዲያዋጡ ታስቦ ነበር። መምህሩና የመንግሥት ሠራተኛው ግን ተቃወሙ፤ «ደመወዛችን ለወሩ አልበቃ ብሎ ሳለ፣ ሆስፒታሉ መድኃኒት ሳይኖረው ለምን ይቆረጥብናል?» አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነበር። መንግሥት ግን ለጥያቄው መልስ ከመስጠት ይልቅ መድኅኑ የሚጀመርበትን ጊዜ ደጋግሞ አራዘመ። ውጤቱ ፍትሐዊ አይደለም። ቋሚ ገቢ ያለው ከቋቱ ውጭ ቀርቶ፣ በዝናብ የሚኖረው ገበሬ ብቻውን መድኅኑን ተሸከመ። በሌሎች ብዙ አገሮች ደመወዝተኛው ነው ገበሬውን የሚደግፈው።

ማን ያክም፦ የባለሙያው ጥያቄ

በ2000ዎቹ መንግሥት ሐኪም በብዛት ለማፍራት ወሰነ፤ አዳዲስ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። አሰላም ከዚህ ተጠቃሚ ናት፤ የአርሲ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራልና ማስተማሪያ ሆስፒታል ዛሬ ለዞኑና ለአጎራባች አካባቢዎች ትልቁ መጠጊያ ነው። ቀድሞ አዲስ አበባ ካልሆነ የማይገኝ ሕክምና አሁን በብዙ መልኩ እዚያው ይሰጣል።

ይሁንና አንድ አሳዛኝ ተቃርኖ ተፈጠረ። በገጠር ሐኪም እያነሰ በከተማ ሥራ ያጣ ሐኪም በዛ። በጀት ስለሌለ ተመራቂው አይቀጠርም፤ ታማሚው ደግሞ ተሰልፎ ይጠብቃል። የተቀጠሩትም ቢሆኑ የኑሮ ውድነቱ ደመወዛቸውን በላው። በ2011 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከጤና ባለሙያዎች ጋር ተወያዩ፤ ብዙም ሳይቆይ በየሆስፒታሉ ተቃውሞ ተሰማ። በግንቦት 2017 ዓ.ም. ደግሞ ባለሙያዎች 12 ነጥቦች ያሉት ጥያቄ አቅርበው በብዙ ቦታ ሥራ አቆሙ። ጥያቄዎቹ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ተረኛ አበል፣ ስለ ተጋላጭነት ክፍያና ስለ ራሳቸው ሕክምና ነበሩ። ሰው የሚያክሙ ሰዎች ሲታመሙ የሚታከሙበት ዋስትና ጠየቁ ማለት ነው። መንግሥት እርምጃውን ሕገ ወጥ አለው፤ በርካቶችም ታሰሩ።

እዚህ ላይ የሁለቱንም ወገን ክብደት ማየት ያስፈልጋል። ሕክምና ሲቆም የሚጎዳው ለመክፈልም ለመሄድም አማራጭ የሌለው ሰው ነው፤ ሪፈር ተጽፎለት ከአርቦዬ በሚኒባስ አሰላ የገባው ታማሚ በር ተዘግቶ ሊጠብቀው አይገባም። ነገር ግን ጥያቄን በእስር መመለስ ሐኪሙን ወደ ውጭ ያሻግረዋል እንጂ ወደ ሥራው አይመልሰውም። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የተደረገው የመንግሥት ሠራተኞች የደመወዝ ማሻሻያ አንድ እርምጃ ነው። ዘላቂው መልስ ግን ከዚያው ከሦስተኛው ጥያቄ ጋር የተሳሰረ ነው፤ ሆስፒታሉ አስተማማኝ ገቢ ከሌለው ሐኪሙን የሚከፍልበት የለውም።

የሌላ ሰው ገንዘብ

የአገሪቱ የጤና ወጪ ጥናቶች ለዓመታት ተመሳሳይ ሥዕል አሳይተዋል። ከጠቅላላው ወጪ ሲሶ ያህሉ ከለጋሾች፣ ሲሶ ያህሉ ከመንግሥት፣ ሲሶ ያህሉ ደግሞ ከታማሚው ኪስ ይወጣል። የአፍሪካ መሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 አቡጃ ላይ ከበጀታቸው 15 በመቶውን ለጤና ለመመደብ ቃል ገብተው ነበር፤ እኛም እንደ ብዙዎቹ አልደረስንበትም። በ2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት እርዳታውን ባቋረጠ ጊዜ ጤና ሚኒስቴር በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 የሚሆኑ ሠራተኞችን ውል አቋረጠ። የኤች አይ ቪ፣ የቲቢና የወባ ሥራ ምን ያህል በሰው እጅ እንዳለ ያን ቀን ታየ። በሌላ አገር ምርጫ ውጤት የሚናወጥ የጤና ሥርዓት የራስ ሥርዓት ነው ማለት ያስቸግራል።

ምን ይደረግ?

መፍትሔው ከሰማይ የሚወርድ አይደለም፤ ሌሎች ሠርተውታል። ጋና እ.ኤ.አ. በ2003 ብሔራዊ የጤና መድኅኗን ስታቋቁም ዋናውን ገንዘብ ያገኘችው ከተጨማሪ እሴት ታክስ ጋር ከሚሰበሰብ 2.5 በመቶ ነው፤ ስለዚህ ከተሜውም ነጋዴውም ሲገዛ ለገበሬው ሕክምና ያዋጣል። ሩዋንዳ የማኅበረሰብ መድኅኗን ለአብዛኛው ሕዝቧ ካዳረሰች በኋላ ሁሉም እኩል ይክፈል የሚለውን ትታ መዋጮውን እንደ ኑሮ ደረጃ ለየች። ከእነዚህና ከራሳችን ልምድ አራት እርምጃዎችን ማውጣት ይቻላል።

የመጀመሪያው ቋቱን ማስፋት ነው። የጀጁ መዋጮ በዞኑ ካሉት ወረዳዎች ከጢዮም፣ ከሌሙና ቢልቢሎም፣ ከመላው ኦሮሚያም ጋር በአንድ ላይ ቢቀመጥ በአንድ ወረዳ የደረሰ የካንሰር ሕመም ወረዳውን አያራቁትም። ሁለተኛው የደመወዝተኛውን መድኅን መጀመር ነው። መጀመሪያ ግን መንግሥት አንድ ነገር ይፈጽም፤ መሠረታዊ መድኃኒቶች መደርደሪያ ላይ እንዲገኙ ያድርግ፣ በየጊዜውም በይፋ ይዘግብ። ሠራተኛው ያኔ 3 በመቶውን አይሰስትም። ሦስተኛው በ2012 ዓ.ም. በወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከሲጋራና ከአልኮል ከሚሰበሰበው ገቢ ላይ የተወሰነ ድርሻ በሕግ ለጤና መድኅን መመደብ ነው። ሕመም የሚያመጣው ዕቃ ለሕክምናው ቢከፍል ተገቢ ነው። አራተኛው ባለሙያውን በማኅበሩ በኩል በጠረጴዛ ዙሪያ ማነጋገር፣ የገጠር አበልንና የመኖሪያ ቤትን ከወሬ ወደ በጀት ማሸጋገር ነው።

የእነዚህ ሁሉ መሠረት ከሦስት አሥርት ዓመታት በፊት በአርሲና በባሌ ተሞክሯል፤ ሳይቋረጥ የቀረበ መድኃኒት፣ በሕመም ሰዓት የማይጠየቅ ገንዘብ፣ የሚፈለግ ታማሚ። ለቲቢ የሠራ ለደም ግፊትም ለወሊድ ችግርም የማይሠራበት ምክንያት የለም።

ለአንባቢ አንድ ነገር ልበል። በምርጫ ሰሞን መንደራችሁ የሚመጣ ተወዳዳሪ ሆስፒታል እሠራለሁ ይላችኋል። ግንብ የሚታይ ነገር ስለሆነ ቃል መግባት ይቀላል። እናንተ ግን ሦስት ጥያቄ ጠይቁት፦ የመድኅኑ ቋት ወደ ክልል የሚሸጋገረው መቼ ነው? ደመወዝተኛው የሚገባበት ቀን ስንት ነው? የመድኃኒቱ ገንዘብ ከየት ይመጣል? ለሦስቱም ቀንና ቁጥር ያለው መልስ የሰጠ ሰው የጤና ፖሊሲ አለው። መልስ የሌለው ግን ያለው የግንባታ ዕቅድ ብቻ ነው።